የበዓል ስጦታ በደጃፍ፦ በአሸተን ማርያም ግርጌ ጎረቤት ለጎረቤት የሚልከው ምግብና የወረርሽኙ ጊዜ ጥንቃቄ

ለ2013 ዓ.ም. የገና በዓል ሰሞን የጤና ትምህርት የተዘጋጀ ንግግር



ከላሊበላ ከተማ ሽቅብ በሚወጣው የተራራ መንገድ ሁለት ሰዓት ገደማ በእግሩ የተጓዘ ሰው አሸተን ማርያም ይደርሳል። በትውፊት ከንጉሥ ነአኵቶ ለአብ ዘመን ጋር የምትያያዘው ይህች ከዐለት የተፈለፈለች ቤተ ክርስቲያን ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በላሊበላ የጌታ ልደትና የንጉሥ ላሊበላ ልደት በአንድ ቀን፣ በታኅሣሥ ወር መጨረሻ ይከበራሉ። በዚያ ሰሞን በተራራው መንገድ ላይ ምእመናን ብቻ ሳይሆኑ ምግብም ይጓዛል። ድፎ ዳቦ በነጠላ ተጠቅልሎ፣ ቆሎ በአቁማዳ ተቋጥሮ፣ ጠላ በጀሪካን ተሞልቶ ከቤት ወደ ቤት፣ ከመንደር ወደ ገዳም፣ ከልጅ ወደ ወላጅ ይሄዳል።

ይህ ልማድ የበዓል ማጌጫ ብቻ አይደለም። ልጆቿ ርቀው የሄዱባት አሮጊት፣ በጾምና በጸሎት የተወሰኑ መነኩሴ፣ ከአገሩ ወጥቶ በደጀ ሰላም የተጠጋ የአብነት ተማሪ የዓመት በዓሉን እንጀራ የሚቀምሱት በጎረቤት እጅ ነው። በ2012 ዓ.ም. አጋማሽ የውጭ አገር ጎብኚዎች መምጣት ሲያቋርጡ፣ ኑሯቸው በአስጎብኚነት፣ በእንግዳ ማረፊያ ሥራ፣ በበቅሎ አከራይነትና በእጅ ሥራ ሽያጭ ላይ የተመሠረተ የላሊበላ ቤተሰቦች ገቢያቸው ተቋርጧል። አምና ሰጪ የነበረ ቤት ዘንድሮ ተቀባይ ሆኗል። ስለዚህ የበዓሉ ስጦታ ጉዳይ የወግ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሚበላና የማይበላ ቤት ጉዳይ ነው።

የአገሬው ሰው «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» ይላል። ወረርሽኙ ደግሞ ሰው ከሰው እንዲራራቅ ያዝዛል። በዚህ መካከል ሁለት ስሕተቶች ይታያሉ። አንደኛው በሽታውን በመፍራት ስጦታውን ጨርሶ ማስቀረትና ደካሞችን ለረኀብና ለብቸኝነት መተው ነው። ሁለተኛው ምንም እንዳልተለወጠ ቆጥሮ እንደ ቀድሞው ተሰብስቦ መብላት፣ መጠጣትና መጎራረስ ነው። ሁለቱም ሰው ይጎዳሉ። ትክክለኛው መንገድ ስጦታውን ማጽናትና የማድረሻውን መንገድ መለወጥ ነው።

ከኅዳር በሽታ የቀረ ትምህርት

ኢትዮጵያ ይህን መሰል መቅሠፍት ከዚህ ቀደምም አይታለች። በኅዳር 1911 ዓ.ም. የዓለሙ የኅዳር በሽታ አዲስ አበባ ገብቶ ብዙ ሕዝብ ፈጅቷል፤ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ መኮንን ሳይቀሩ በበሽታው ተይዘው ነበር። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እየተጠረገ የሚቃጠልበት «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለው ልማድ የዚያ ዘመን መታሰቢያ ነው። ስለዚያ ወር ከተነገሩት ነገሮች ሁሉ ልብ የሚነካው፣ የቤቱ ሰው በሙሉ በአንድ ጊዜ ወድቆ ውኃ የሚያቀብል መጥፋቱ ነው። በበሽታው ጉልበት ላይ የሰው እጦት ተጨመረበት።

የኮሮና ቫይረስ በሽታ በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። በዚያው ወር መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ፤ የዚያ ዓመት ፋሲካም ብዙው ምእመን በየቤቱ ሆኖ ያሳለፈው በዓል ሆነ። ዐዋጁ ቢያበቃም በሽታው አላበቃም። ስለዚህ በሽታውን የሚያርቅ፣ ውኃ የሚያቀብለውን ጎረቤት ግን የማያርቅ ሥርዓት በየመንደሩ ያስፈልጋል።

በሽታው በምን ይተላለፋል?

በሽታው በዋነኛነት የሚተላለፈው በትንፋሽ ነው። የተያዘ ሰው ሲያስነጥስ፣ ሲያስል፣ ሲናገርና ሲዘምር ከአፉና ከአፍንጫው የሚወጡት ጥቃቅን ጠብታዎች በአቅራቢያው ወዳለ ሰው አፍ፣ አፍንጫና ዐይን ይገባሉ። በሩና መስኮቱ በተዘጋ፣ ጭስ በሞላበትና ሰው በተጨናነቀበት ቤት ውስጥ አደጋው ይበረታል። የተያዘ ሰው የሕመም ምልክት ሳይታይበትም ለሌላው ሊያስተላልፍ ይችላል፤ ምልክቱ ከታየም አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ከ2 እስከ 14 ባሉት ቀናት ውስጥ ነው።

የተበላ ምግብ ግን ዋና መተላለፊያ ሆኖ አልተገኘም። ዳቦው ራሱ በሽታ አይሸከምም፤ አደጋው ዳቦውን ለመቁረስ የተሰበሰበው ሕዝብ ዘንድ ነው። ይህ ልዩነት በሚገባ ከታወቀ ብዙው ፍርሀት ይወገዳል፣ ጥንቃቄውም ትክክለኛ ቦታውን ይይዛል።

ከዚሁ ጋር አንድ የተሳሳተ እምነት መታረም ይኖርበታል። ነጭ ሽንኩርት፣ ፌጦ፣ ዝንጅብልና ሎሚ ጥሩ ምግቦች ናቸው፤ ከስጦታው ጋር ቢላኩም መልካም ነው። ነገር ግን ከኮሮና የሚከላከሉ ወይም የሚፈውሱ መድኃኒቶች አይደሉም። አረቄ መጠጣትም ቫይረሱን ከሰውነት አያጠፋም፤ ይልቁንም የሰከረ ሰው ርቀቱንና ጥንቃቄውን ይዘነጋል።

ምግቡን የሚያዘጋጅ ሰው

ለጎረቤት የሚላክ ምግብ የሚያዘጋጅ ሰው ጤነኛ መሆን አለበት። ትኩሳት፣ ሳል፣ የጉሮሮ ሕመም ወይም የትንፋሽ ማጠር ያለበት ሰው ሊጥ አያቦካም፣ ወጥ አይሠራም። ባለሙያ እናቶች በቀላሉ የሚለዩት ሌላም ምልክት አለ፤ ይኸውም የማሽተትና የመቅመስ ስሜት በድንገት መጥፋት ነው። ቡና ሲቆላ፣ ቅቤ ሲነጠር፣ ሽንኩርት ሲቁላላ ምንም የማይሸታት እናት ማንኪያውን ለሌላ ሰው ሰጥታ፣ ከቤተሰቧ ተለይታ፣ የጤና ባለሙያ ማማከር ይገባታል።

ጤነኛዋ አዘጋጅም ሥራ ከመጀመሯ በፊት፣ ጥሬ ሥጋና እንቁላል ከነካች በኋላ፣ ከመጸዳጃ ቤት መልስ እንዲሁም ምግቡን ከመቋጠሯ በፊት ቢያንስ ለ20 ሰከንድ እጇን በሳሙናና በውኃ ትታጠባለች። ውኃ ከሩቅ ምንጭ በጀርባ በሚቀዳበት ደጋ ላይ ይህ ቀላል እንዳልሆነ የታወቀ ነው። ስለዚህ ውኃን በገንዳ ውስጥ ከመዘፍዘፍ ይልቅ ከማንቆርቆሪያ ወይም ሥሩ ከተበሳ ጀሪካን ጥቂት በጥቂት እያወረዱ መታጠብ ውኃ ይቆጥባል፣ እጅንም በተሻለ ሁኔታ ያጸዳል። ሳሙና በማይገኝበት ጊዜ ንጹሕ አመድ ሊተካው ይችላል።

የደጋው እሳትና የተራራው መንገድ

በከፍታ ቦታ የሚኖር ሰው ምግብ ሲያበስል ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ከፍታ በጨመረ ቁጥር የአየር ግፊት ስለሚቀንስ ውኃ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። በባሕር ጠለል በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚፈላው ውኃ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ላሊበላ በ92 ዲግሪ አካባቢ፣ በአሸተን ማርያም ደግሞ በ90 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የላስታ እናቶች ባቄላና ሥጋ በደጋ ቶሎ እንደማይበስል የሚያውቁት ከዚህ የተነሣ ነው። ድስቱ ስለተንፈቀፈቀ ብቻ በስሏል አይባልም፤ የዶሮው ሥጋ እስከ አጥንቱ ድረስ ቀይነቱ መጥፋት አለበት። ለመጠጥና ለብርዝ የሚሆነው ውኃም እንዲህ ባለው ከፍታ ላይ መንፈቅፈቅ ከጀመረ በኋላ ለ3 ደቂቃ መፍላት ይኖርበታል።

የበሰለ እርጥብ ምግብ ከእሳት ከወረደ በኋላ ከሁለት ሰዓት በላይ ሳይሞቅ መቆየት የለበትም። ከከተማው እስከ ተራራው ያለው መንገድ ይህን ጊዜ ብቻውን ይጨርሰዋል። ስለዚህ ዶሮ ወጥና ቀይ ወጥ ለቅርብ ጎረቤት የሚስማሙ ስጦታዎች ናቸው፤ ትኩስ እንዳለ ይላካል፣ ተቀባዩም ወዲያው ካልበላው እስኪንፈቀፈቅ ድረስ እንደገና ያሞቀዋል። የአንድ ድስት ወጥ ደጋግሞ ማሞቅና ማቀዝቀዝ ግን ጥሩ አይደለም፤ የሚበላውን ያህል ብቻ ቀንሶ ማሞቅ ይሻላል።

ለሩቅ መንገድ የሚመረጡት አያቶች ለስንቅ የለዩዋቸው ደረቅ ምግቦች ናቸው። ድፎ ዳቦ፣ ዳቦ ቆሎ፣ የገብስ ቆሎ፣ በሶ፣ ድርቆሽ፣ በሚገባ የደረቀ ቋንጣ፣ ሽሮና በርበሬ ቶሎ አይበላሹም። በተጨማሪም ተቀባዩ በገዛ ቤቱ፣ በገዛ ጊዜውና በገዛ እጁ ስለሚያዘጋጃቸው ሰው ማሰባሰብ አያስፈልጋቸውም። ማርም እንደዚሁ ሳይበላሽ ይቆያል፤ ሆኖም አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር መስጠት ተገቢ አይደለም።

በወሎ የክርስቲያኑና የሙስሊሙ ጎረቤት ልማድም ለዚህ ጊዜ የሚጠቅም ጥበብ አለው። የእርድ ሥርዓታቸው የተለያየ ስለሆነ ጎረቤታሞች በበዓል ዳቦ፣ ቆሎ፣ ማርና ቡና ይላላካሉ። ለመከባበር ተብሎ የቆየው ይህ ምርጫ ዛሬ ለጤናም የተመረጠ ሆኖ ተገኝቷል።

ስጦታው ደጃፍ ሲደርስ

ስጦታ የሚያደርሰው ከቤቱ ሰው አንድ ብቻ፣ ጤነኛና ቢቻል ወጣት ቢሆን ይመረጣል። አፍና አፍንጫውን በጭምብል ይሸፍናል። ደጃፍ ሲደርስ ወደ ውስጥ ሳይገባ «ቤቶች!» ብሎ ይጣራል፤ የያዘውን በድንጋይ ወይም በመደብ ላይ ያስቀምጥና ቢያንስ ሁለት የዐዋቂ እርምጃ ወደ ኋላ ይላል። ሰላምታው እጅ በመጨባበጥና ጉንጭ በመሳሳም ፈንታ እጅን ደረት ላይ አድርጎ ራስን ዝቅ በማድረግ ይፈጸማል። ይህ እጅ መንሳት የኢትዮጵያውያን የቆየ የአክብሮት ምልክት ስለሆነ ማንንም አያስቀይምም። ምርቃትም ከሁለት እርምጃ ርቀት በደንብ ይሰማል።

ተቀባዩም «ግቡ፣ እህል ቅመሱ» ማለቱ ወግ ነው፤ ሰጪው «ዘንድሮስ ይቅር፣ በጤና ያክርመን» ብሎ ቢመልስ እንደ ንቀት ሊቆጠርበት አይገባም። በዚህ ዓመት በደጃፍ ቆሞ መመለስ የባለቤቱን ዕድሜ ማክበር ነው። በተለይ አረጋውያን፣ የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የልብና የሳንባ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ባሉበት ቤት ይህ በጥብቅ መጠበቅ አለበት፤ በሽታው በእነርሱ ላይ ይበረታልና።

አገልግል ለመንገድ የተመቸ ዕቃ ነው፤ ነገር ግን ቆዳው በውኃና በሳሙና በቀላሉ አይታጠብም። ስለዚህ ምግቡን በታጠበ ንጹሕ ጨርቅ ወይም ክዳን ባለው ሳህን አድርጎ በአገልግሉ ውስጥ ማስቀመጥ ይበቃል። ተቀባዩ ምግቡን ወደ ራሱ ዕቃ ገልብጦ፣ ከመብላቱ በፊት እጁን ይታጠባል። በብዙ ቤት ባዶ ዕቃ መመለስ ነውር ስለሚሆን የአንዱ ስጦታ ሌላ ምልልስ ይወልዳል። ዘንድሮ ዕቃው ታጥቦ ይቀመጥ፤ ብድሩ በዓሉ ካለፈ በኋላ ይመለሳል።

ጠላ፣ ቡና፣ ጉርሻና ቅርጫ

አራት ነገሮች ልዩ ጥንቃቄ ይሻሉ፤ አራቱም ከምግቡ ይልቅ በአበላሉና በአጠጣጡ ምክንያት ነው።

ጠላ በአንድ ዋንጫ ከአፍ ወደ አፍ መዞሩ መቅረት አለበት። ለጎረቤት የሚላከው ጠላ በታጠበና ክዳን ባለው ዕቃ ይላካል፤ እያንዳንዱ ሰውም በገዛ ብርጭቆው ይጠጣል።

የቡናው ጉዳይ ከባድ ነው። አቦል፣ ቶናና በረካ እስኪደርሱ ጎረቤት በጠባብ ቤት ውስጥ ረጅም ሰዓት ተጠጋግቶ ይቀመጣል፤ ሲጠጣም ጭምብሉን ያወልቃል። ለዚህ በዓል የተቆላ ወይም ጥሬ ቡና ጠቅልሎ መላክ፣ ቡናውንም ከቤተሰብ ጋር ብቻ መጠጣት ይመረጣል። የግድ ከጎረቤት ጋር የሚጠጣ ከሆነ ከቤት ውጭ፣ በጥቂት ሰው፣ ተራርቆ በመቀመጥ ይሁን። ሲኒዎች በአንድ ሳህን ውኃ መለቅለቃቸው ቀርቶ በሳሙናና በሙቅ ውኃ ይታጠቡ።

ጉርሻ የፍቅር ምልክት መሆኑን የማያውቅ የለም። ሆኖም እጅን በቀጥታ ወደ ሌላ ሰው አፍ የሚያደርስና ፊትን ለፊት የሚያቀራርብ በመሆኑ ከቤተሰብ ውጭ ላለ ሰው ለጊዜው ይቅር። በአንድ ትሪ ዙሪያ ከመብላትም ለየራስ በሳህን ማውጣት ይሻላል።

በቅርጫ ጊዜ መደቡን ሁሉም ባለድርሻ ከብቦ ይቆማል። ዘንድሮ የሚያርዱትና የሚመድቡት ጥቂት ሰዎች ጭምብል አድርገው በሜዳ ላይ ይሥሩ፤ ሌላው ድርሻውን በተራ ይውሰድ ወይም በየደጁ ይድረሰው። ታሞ የነበረ ወይም በድንገት የሞተ ከብት ሥጋ ለማንም አይሰጥም፤ አባ ሰንጋን የመሰለ ብርቱ በሽታ ያመጣል። ጥሬ ሥጋም የኮሶ ትል ስለሚያስተላልፍ ለስጦታ የተላከው ሥጋ በሚገባ በስሎ ይበላ።

የአብነት ተማሪዎች፣ ነዳያንና መንገደኞች

የአብነት ተማሪ አኮፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ በሚያገኘው ቁራሽ ይማራል። ደጁ ሁሉ ቢዘጋበት ትምህርቱም ሕይወቱም ይቋረጣል። መፍትሔው ተማሪውን መመለስ አይደለም። ቁራሹን በታጠበ እጅ፣ አኮፋዳውን ሳይነኩ፣ ከላይ መጣል፤ ወይም አሥር ቤት ተስማምቶ በየቀኑ አንድ ቤት የብዙ ተማሪዎችን ምግብ አዘጋጅቶ ለጉባኤ ቤቱ ማድረስ ይቻላል። ሁለተኛው መንገድ ተማሪዎች በቀን ብዙ ደጅ እንዳይረግጡ ያደርጋል። ነዳያንን በተመለከተም እንዲሁ ምግቡን በአንድ ቦታ ሰልፍ አሰልፎ ከማደል ይልቅ ከፋፍሎ ባሉበት ማድረስ ይበጃል።

ከሩቅ አገር በእግሩ የመጣውን ተሳላሚ እግር ማጠብ የላሊበላ ሰው የታወቀበት ትሕትና ነው። ዘንድሮ አስተናጋጁ ውኃውን ከፍ አድርጎ ያፍስስ፣ እንግዳው በሳሙና ራሱ ይታጠብ፤ እጁም ከእግሩ ጋር ይታጠብ። ስንቅም ለመንገድ ተቋጥሮ ይሰጠው እንጂ በአንድ ክፍል ብዙ መንገደኛ ማሳደር ይቅር።

ታማሚ ያለበት ቤት

ከሁሉ በላይ ስጦታ የሚያስፈልገው በበሽታው ምክንያት በሩን የዘጋ ቤት ነው። ይህ ቤት ገበያ አይወጣም፣ ውኃ አይቀዳም፣ እንጨት አይለቅምም። ጎረቤት ከሸሸው የኅዳር በሽታ ዘመን ታሪክ ይደገማል። ስለዚህ የመንደሩ ዕድር ወይም የጽዋ ማኅበሩ ተራ ያውጣ፤ በየዕለቱ አንድ ቤት ምግብና ውኃ ደጃፍ ላይ ያስቀምጥ፣ ተጣርቶ ይራቅ፣ ምግቡ መወሰዱን ከሩቅ ሆኖ ሳያይ አይሂድ። ያልተነሣ ምግብ ቤቱ እንደከፋበት የሚናገር ምልክት ነው።

ለዚህ ቤት የሚላከው ምግብ ለመዋጥ የማይከብድና ፈሳሽ የበዛበት ቢሆን ይመረጣል፤ አጥሚት፣ ገንፎ፣ የሥጋ ወይም የአተር ሾርባ ጥሩ ናቸው። ዕቃው እስኪድኑ ድረስ እዚያው ይቆይ። የታማሚው ምግብ መመገቢያ ለብቻው በሳሙና ይታጠብ፤ የሚያስታምመውም አንድ ሰው ብቻ፣ ጭምብል አድርጎ፣ መስኮትና በር ከፍቶ ይሁን። ታማሚው ትንፋሽ ካጠረው፣ ደረቱን ከጨቆነው ወይም ከተደናበረ ያለመዘግየት ወደ ጤና ተቋም መወሰድ አለበት። በቅርብ ያሉት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች እንዲሁም ነጻ የስልክ መስመሮቹ 8335 እና 952 ለምክርና ለጥቆማ ዝግጁ ናቸው።

ታሞ የዳነንም ሆነ በሽታው የተገኘበትን ቤት ማግለልና ስም ማጥፋት ኃጢአትም ጉዳትም ነው። የተሸማቀቀ ሰው ምልክቱን ይደብቃል፤ የተደበቀ በሽታ ደግሞ ከመንደር መንደር ይዛመታል። በደጃፍ የተቀመጠ አንድ ዳቦ ለዚያ ቤት «ከእኛ ወገን ናችሁ» የሚል መልእክት ያደርሳል።

የተከበራችሁ አድማጮች፤

ጎረቤት ማለት በቅርብ የተገኘ ዘመድ ማለት ነው። የአሸተን ማርያም መንገድ በዚህ ዓመትም ዳቦና ቆሎ ተሸካሚዎች አያጡትም፤ ሊለወጥ የሚገባው ተሸካሚው ደጃፍ ላይ መቆሙ፣ ፊቱን መሸፈኑና እጁን መታጠቡ ብቻ ነው። ለማን ምን እንደሚላክ፣ ማን እንደሚያደርስና የትኛው ቤት እንደተረሳ እያንዳንዱ ቤተሰብ ከበዓሉ ዋዜማ አስቀድሞ ይነጋገርበት። «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» እንዲሉ፣ የመንደሩ ሰው ዛሬውኑ ተራውን ያውጣ።

መልካም የልደት በዓል።